የኮሌስትሮል ውጤትዎን እንዴት ያነባሉ? ቁጥሩንስ እንዴት ያወርዳሉ? ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የላቦራቶሪ ውጤት ስሰጥ፣ ወረቀቱን የተቀበለ ሰው መስኮቱ ላይ ቆሞ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ኮሌስትሮሌ 228 ይላል፤ በዛ ወይስ ደህና ነው?» ከኋላው ወረፋ አለ። በሁለት ቃል ልመልስለትም አልችልም፤ ምክንያቱም 228 ለአንዱ ሰው የሚያሳስብ፣ ለሌላው እምብዛም የማያሰጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን መልስ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ። ወረቀትዎን ከፊትዎ ዘርግተው እየተከታተሉ ያንብቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ትተው አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱት መቼ ነው?

ደረትዎን የሚጫን ወይም የሚያፍን ሕመም ተሰምቶዎት በጥቂት ደቂቃ ዕረፍት ካልለቀቀዎ፤ ሕመሙ ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ከሄደ፤ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ፤ ፊትዎ በአንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅዎ በድንገት ከዛለ ወይም ንግግርዎ ከተሳሰረ፣ የላቦራቶሪ ወረቀት የሚያዩበት ጊዜ አይደለም። ድሬዳዋ ከሆኑ ድል ጮራ፣ ሐረር ከሆኑ ሕይወት ፋና ወይም የሚቀርብዎ ሆስፒታል ይሂዱ። አምቡላንስ ከዘገየ በባጃጅም ቢሆን ሰው ይውሰድዎ፤ ራስዎ ግን አይንዱ። «ጨጓራዬ ነው»፣ «ብርድ መቶኝ ነው» እያሉ እስኪነጋ መጠበቅ ሰው ይገድላል፤ ደም ያጣ የልብ ጡንቻ በየደቂቃው እየሞተ ነውና። ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ደረታቸውን ላያማቸው ይችላል፤ ማቅለሽለሽ፣ ያልተለመደ ድካም ወይም ትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ላቦራቶሪው «ሊፒድ ፕሮፋይል» የሚለው የደም ስብ ምርመራ ውጤት፤ የቆየ ውጤት ካለዎት እሱም አብሮ
- የስኳር ምርመራ ውጤት
- ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ፤ ከሌለዎት በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይለካዎታል
- ልብስ ሰፊ የሚጠቀምበት ሜትር
- ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ስልክዎ ላይ ያለው ካልኩሌተር
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው፤ የባህል መድኃኒትም ጭምር
- አንድ የሾርባ ማንኪያና ቤት ውስጥ ያለው የዘይት ጄሪካን

1. ደም ከመስጠትዎ በፊት በትክክል ይዘጋጁ

አስቀድመው ተመርምረው ከሆነም ይህን ያንብቡት፤ ውጤቱ የሚታመን መሆን አለመሆኑን ያውቁበታል።

በባዶ ሆድ የሚባለው ከ9 እስከ 12 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ እራትዎን ከጨረሱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 12 ሰዓት ይሞላዎታል። ውሃ ይፈቀዳል፤ በተለይ በድሬዳዋ ሙቀት ይጠጡ። ስኳር ያለው ሻይ፣ ቡና፣ ሆጃ፣ ማስቲካና ጫት ግን ይቆዩ። ምክንያቱ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ከምግብ በኋላ ለሰዓታት ከፍ ብሎ ስለሚቆይ ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮልና «ጠቃሚው ኮሌስትሮል» የሚባለው ኤችዲኤል በምግብ ብዙም አይለዋወጡም፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ብቻ ከሆነ ሳይጾሙ የተሰጠ ደምም ይነበባል። ነገር ግን ሲሰጡ በልተው እንደነበር ለባለሙያው ይንገሩና ወረቀቱ ላይ ይጻፍልዎ።

በረመዳን ወር ከሆነ፣ ሱሑርዎን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከጨረሱ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ 9 ሰዓት ይሞላል፤ የዚያን ሰዓት መምጣት ይችላሉ። የዐቢይ ጾምን የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ፦ 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳይበሉ ቆይተው የሰጡት ደምና ከፋሲካ ሰንብተው የሰጡት ደም አንድ ዓይነት ውጤት ላያሳይ ይችላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያሳስተው አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ነው። ቀኑን ሲጽፉ «በጾም» ወይም «በፍስክ» ብለው አብረው ይጻፉ።

ከዚህ ሌላ፦
- ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን አልኮል አይጠጡ፤ ትራይግሊሰራይድን ከፍ ያደርጋል።
- ትኩሳት፣ የሳንባ ምች፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ካለፈዎት ጥቂት ሳምንታት ይቆዩ። ሰውነት በሕመም ላይ ሳለ ኮሌስትሮል ከትክክለኛው ዝቅ ብሎ ይታያል።
- ነፍሰ ጡር ከሆኑ ቁጥሩ በተፈጥሮ ከፍ ስለሚል ከወሊድ በኋላ መመርመሩ ይሻላል።
- ደም ከመስጠትዎ በፊት ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቀመጡ። ከቆሙበት ቀጥታ ሲቀዱ ደሙ ስለሚወፍር ቁጥሩ ይጨምራል።

2. መለኪያውን ይለዩ

ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ ይመልከቱ። አብዛኛው ላቦራቶሪያችን የሚጽፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ ኮሌስትሮል በመቶዎች ይነበባል። አንዳንዱ ግን፣ በተለይ ከውጭ አገር ተመርምረው የመጡበት ወረቀት፣ በሚሊሞል በሊትር ይጽፋል፤ ያኔ ቁጥሩ 4 ወይም 6 አካባቢ ይሆናል። ለመቀየር ኮሌስትሮሎቹን በ38.7፣ ትራይግሊሰራይድን በ88.6 ያባዙ። ለምሳሌ 5.9 ሲባዛ በ38.7 ወደ 228 ይሆናል። «እዚያ 5.9 ነበርኩ፣ እዚህ 228 ሆነብኝ» ብለው የሚደነግጡ ሰዎች አሉ፤ የተለወጠ ነገር የለም።

3. አራቱን ቁጥሮች በየተራ ያንብቡ

ከዚህ በታች ያሉት ሁሉ በሚሊግራም በዴሲሊትር ናቸው።

ጠቅላላ ኮሌስትሮል። ከ200 በታች ጥሩ፣ ከ200 እስከ 239 ድንበር ላይ፣ 240ና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። ውስጡ ጎጂውም ጠቃሚውም ተደምሮ ስላለ ብቻውን ብዙ አይናገርም። አይተውት ይለፉ።

ኤልዲኤል። ትኩረትዎን ሁሉ እዚህ ያድርጉ። የደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሚከማቸውና ቧንቧውን የሚያጠበው ይህ ነው። ከ100 በታች በጣም ጥሩ፣ ከ100 እስከ 129 ደህና የሚባል፣ ከ130 እስከ 159 ድንበር ላይ፣ ከ160 እስከ 189 ከፍተኛ፣ 190ና ከዚያ በላይ እጅግ ከፍተኛ ነው። ይህ ግን ልቡ ለደህና ሰው ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ አንዴ የያዘው ሰው ከ70 በታች እንዲያወርድ ይጠበቃል፤ የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች መመሪያ እንዲያውም ከ55 በታች ይላል። ስኳር ካለብዎትም ሐኪምዎ የሚያስቀምጥልዎ ግብ ከሌላው ሰው ዝቅ ያለ ነው። ወረቀቱ ላይ የታተመው «ጤነኛ» ክልል ይህን አያውቅም። ስትሮክ ይዞት የነበረ ሰው ኤልዲኤሉ 118 ሆኖ ምንም ቀስት ሳይደረግበት ሊወጣ ይችላል፤ ለእሱ ግን 118 ብዙ ነው።

190ና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ከቤተሰብ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የሞተ ሰው ካለ፣ በዘር የሚተላለፍ ሊሆን ይችላል። ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ላይ የሚዳሰስ እብጠት፣ ወይም የዓይን ቆብ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ካለዎት ለሐኪሙ ያሳዩት። ልጆችዎና ወንድም እኅቶችዎም መመርመር አለባቸው፤ ቀጭን ቢሆኑም።

ኤችዲኤል። ይህ ሲበዛ ነው የሚመረጠው። ለወንድ ከ40 በታች፣ ለሴት ከ50 በታች ዝቅተኛ ነው። ማጨስ፣ ቦርጭና ቁጭ ብሎ መዋል ያወርዱታል። ኤችዲኤልን ብቻ ለይቶ ከፍ የሚያደርግ መድኃኒት ፍለጋ አይድከሙ፤ እንዲህ ዓይነት መድኃኒቶች ተሞክረው ከልብ ሕመም አላዳኑም።

ትራይግሊሰራይድ። ከ150 በታች ጤነኛ፣ ከ150 እስከ 199 ድንበር ላይ፣ ከ200 እስከ 499 ከፍተኛ ነው። 500ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከልብም አልፎ ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ሊያቆስል ስለሚችል ቀጠሮዎን አያዘግዩ። ይህ ቁጥር ከጮማ ይልቅ በስኳር፣ በለስላሳ መጠጥ፣ በአልኮልና ባልተያዘ የስኳር በሽታ ይነዳል። «ሥጋ አልበላም፣ ከየት መጣ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ጊዜ መልሱ ብርጭቆው ውስጥ ነው።

4. ሁለት ሂሳብ ይሥሩ

የመጀመሪያው፦ ከጠቅላላ ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤልን ይቀንሱ። የሚቀረው ጎጂው ስብ ሁሉ ድምር ነው። ግቡ ከኤልዲኤል ግብዎ ላይ 30 ሲጨመር ነው፤ የኤልዲኤል ግብዎ 100 ከሆነ ይሄኛው ከ130 በታች መሆን አለበት። ይህ ቁጥር ጾመውም ሆነ በልተው ቢመረመሩ ይሠራል፤ እኔ በጣም የምወደውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፦ ኤልዲኤል ወረቀቱ ላይ ከሌለ ራስዎ ያውጡት። ትራይግሊሰራይድን ለ5 ያካፍሉ፤ እሱንና ኤችዲኤልን ከጠቅላላው ላይ ይቀንሱ። ትራይግሊሰራይድ ከ400 በላይ ከሆነ ግን ይህ ስሌት ስለሚሳሳት አይጠቀሙበት፤ ኤልዲኤል በቀጥታ እንዲለካልዎ ይጠይቁ።

አሁን ወደ 228 እንመለስ። ሁለት ሰዎች ናቸው እንበል።

አንደኛው፦ ጠቅላላ 228፣ ኤችዲኤል 38፣ ትራይግሊሰራይድ 210። 210 ለ5 ሲካፈል 42። ስለዚህ ኤልዲኤል 148፣ የጎጂው ድምር 190።

ሁለተኛዋ፦ ጠቅላላ 228፣ ኤችዲኤል 75፣ ትራይግሊሰራይድ 80። 80 ለ5 ሲካፈል 16። ኤልዲኤል 137፣ የጎጂው ድምር 153።

ወረቀታቸው ላይ ያለው የመጀመሪያ ቁጥር አንድ ነው። አንደኛው 52 ዓመቱ፣ የሚያጨስና ግፊቱ 150/95 ከሆነ፣ ሁለተኛዋ ደግሞ 36 ዓመቷ፣ የማታጨስና ግፊቷ 115/75 ከሆነ፣ የሚሰጣቸው ምክር ፈጽሞ አይመሳሰልም።

5. የቀሩትን ቁጥሮች ደብተርዎ ላይ ይሰብስቡ

ዕድሜ፣ ማጨስ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ወገብ፣ የቤተሰብ ታሪክ። ሐኪሙ አደጋዎን የሚገምተው እነዚህን ከኮሌስትሮሉ ጋር አጣምሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለየአካባቢው ያወጣው ሰንጠረዥ የምሥራቅ አፍሪካም አለው፤ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያለ ሰው በ10 ዓመት ውስጥ በልብ ሕመም ወይም በስትሮክ የመያዝ ዕድሉን በመቶኛ ያሳያል።

ስኳር፦ በባዶ ሆድ ከ100 በታች ጤነኛ፣ ከ100 እስከ 125 መንገድ ላይ፣ 126ና ከዚያ በላይ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር በሽታ ነው።

ወገብ፦ ሜትሩን በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት መካከል አዙረው፣ ትንፋሽ ሲያወጡ ያንብቡ። ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ የልብ አደጋ መጨመር ጀምሯል።

ግፊት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእኛ አካባቢ በጣም የሚበላሽ ልኬት ነው። ከመለካትዎ በፊት 30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ጫት አይንኩ። ሽንትዎን ይሽኑ። ጀርባዎን አስደግፈው፣ ሁለቱንም እግር መሬት ላይ አድርገው፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው 5 ደቂቃ ይቀመጡ። አያውሩ። ሁለቴ ይለኩና አማካዩን ይጻፉ። ክሊኒክ ውስጥ በተለያየ ቀን ተደጋግሞ 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለብዎ ማለት ነው፤ ቤት ሲለኩ ደግሞ ወሰኑ 135/85 ነው።

ጫት የሚቅሙ ከሆነ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በርጫ ላይ ሳሉ አንድ ጊዜ ይለኩ፤ ሁለቱንም ለየብቻ ይጻፉ። «የከሰዓቱ በጫት ነው፣ አይቆጠርም» ይባላል። ልብዎ ግን የከሰዓቱንም ግፊት ተሸክሞ ነው የሚውለው፤ ሐኪሙ ሁለቱንም ማየት አለበት።

6. ኢሲጂና ኢኮ ካለዎት

ኢሲጂ የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚጽፈው ወረቀት ነው። «ሳይነስ ሪትም» የሚለው ምቱ ከትክክለኛው ቦታ ይነሳል ማለት ነው። በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ምት ጤነኛ ነው። ማሽኑ ራሱ ከላይ የሚያትመው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት ሐኪም ሳያየው አይደንግጡበት። ኢኮ ደግሞ የልብን ጡንቻና በሮች በድምፅ ሞገድ ያሳያል፤ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ሞልታ ከያዘችው 55 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ አረጫጨቷ ደህና ነው።

ማወቅ ያለብዎ ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ሁለቱም ኮሌስትሮልን አያሳዩም። ተኝተው የተነሱት ኢሲጂ ንጹሕ ሆኖ የልብ ቧንቧዎ የጠበበ ሊሆን ይችላል። ሲራመዱ ደረትዎን እየጨመቀ ሲቆሙ የሚለቅዎ ከሆነ፣ ኢሲጂው ደህና ነው ቢባልም ይህን ምልክት ለሐኪሙ በግልጽ ይንገሩ።

7. ደብተሩን ይዘው ሐኪም ጋ ይቅረቡ

አራት ነገር ይጠይቁ፦ የእኔ የኤልዲኤል ግብ ስንት ነው? መድኃኒት ልጀምር ወይስ መጀመሪያ በምግብ ልሞክር? ኮሌስትሮሌን ከፍ ያደረገ ሌላ በሽታ ይኖራል? መቼ ልመለስ? ሦስተኛውን ጥያቄ አይዝለሉት። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ የኩላሊት ሕመም፣ ያልተያዘ ስኳርና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ስብን ከፍ ያደርጋሉ፤ ዋናው ምክንያት ሳይታከም ስቡን ብቻ ማሳደድ ልፋት ነው።

8. ከምግብ ሁሉ በፊት ዘይቱን ይለውጡ

በየቀኑ፣ በየወጡ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚገባው ዘይት ስለሆነ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው እሱ ነው።

የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠንካራ ስብ ነው። የሱፍ ዘይት ላይ ይህ ከ100 እጅ 11 አካባቢ፣ የለውዝ ዘይት ላይ 17 አካባቢ ነው። ጠንካራ ስብ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚሰበስብበትን አቅም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዘይቱ ውስጥ ኮሌስትሮል ባይኖርም የእርስዎ ኮሌስትሮል ይወጣል። ጄሪካኑ ላይ «ከኮሌስትሮል ነጻ» የሚለው ጽሑፍ ውሸት አይደለም፤ ከአትክልት የተጨመቀ ዘይት ሁሉ ከኮሌስትሮል ነጻ ነው። የሚጠቅምዎ መረጃ ግን እሱ አይደለም። ምን ዘይት እንደሆነ የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ «ፓልም» ወይም «ፓልም ኦሊን» ካለ አውቀውታል።

ሐረር ላይ የጠዋቱ ብርድ ዘይቱን ስለሚያረጋው ብዙ ሰው በዓይኑ ይለየዋል። ድሬዳዋ ላይ ግን በሙቀቱ ያው ዘይት ፈሳሽ ሆኖ ይውላል፤ «የእኔ አይረጋም» ማለት አያስተማምንም። ትንሽ በብርጭቆ ቀድተው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሳድሩት። ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ከረጋ ጠንካራ ስቡ ብዙ ነው። የሱፍ ዘይት ፈሳሽ እንደሆነ ያድራል።

ቀጥሎ መጠኑን ይቁጠሩ። አንድ ሊትር ውስጥ 66 ገደማ የሾርባ ማንኪያ አለ። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 5 ሊትር ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን ከ2 ማንኪያ በላይ ነው። ከጄሪካኑ በቀጥታ መድፋት ትተው በማንኪያ ይለኩ፤ በወሩ መጨረሻ ልዩነቱን ያዩታል። ፈሳሽ ዘይት የሚወደድብዎ ከሆነ፣ መጠኑን በመቀነስ ያተረፉት ገንዘብ የዋጋውን ልዩነት የተወሰነ ያካክስልዎታል።

ቅቤም ግማሹ ጠንካራ ስብ ነው። ሙሉ በሙሉ ይቁረጡ አልልም፤ ለበዓል ይሁን፣ በየቀኑ ፉል ላይ ግን አይፍሰስ። ሻኛ፣ የግመልም የበሬም፣ ጮማና የዶሮ ቆዳ ይለዩ። ቀይ ሥጋውን፣ ዓሣና ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ ይብሉ። እንቁላል በቀን አንድ ለብዙ ሰው ችግር የለውም፤ ጉዳቱ እንቁላሉ የሚጠበስበት ስብና በቅቤ የሚታሸው ፈጢራ ላይ ነው።

9. የሚጨመረውን ይጨምሩ

ምግብ ሁሉ መከልከል አይደለም። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና ገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ ቃጫ አንጀት ውስጥ ሐሞትን ይዞ ይወጣል፤ ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ከደም ይስባል። ስለዚህ ፉሉን በትንሽ ፈሳሽ ዘይት፣ ሽሮውን ቀጠን አድርገው፣ የገብስ ቆሎና በሶ በየቀኑ። የባቢሌ ለውዝ ጨው ሳይነሰነስበት አንድ እፍኝ ጥሩ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ክብደት ይጨምራል። ፓፓያ፣ ዘይቱና፣ ማንጎና ጊሽጣ በፍሬው ይብሉ፤ ጭማቂ ሲሆኑ ቃጫው ይቀንስና ስኳር ይጨመርባቸዋል።

ትራይግሊሰራይድዎ ከፍ ያለ ከሆነ ከምንም በፊት ስኳሩን ይቁረጡ፦ ለስላሳ፣ ሙሸበክ፣ ሐልዋ፣ በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ የሚገባበት ሻይ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር፣ ማለትም ከ7 የሻይ ማንኪያ በላይ አለው።

ጨው፦ ለአንድ ሰው በቀን በጠቅላላው ከ5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይብለጥ። ሆጃና ቁጢ ላይ የሚጨመረውንም ጨው ይቁጠሩት። ጨው ኮሌስትሮልን አይነካም፤ ግፊትን ግን ይጨምራል፤ ግፊትና ኮሌስትሮል ደግሞ አንዱን ቧንቧ አብረው ነው የሚያበላሹት።

ቡና በልክ ይጠጡ፤ ተፈልቶ በወረቀት ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ካፌስቶል የሚባል ዘይታም ነገር ስላለው ብዙ ሲጠጣ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። አተላው እስኪረጋ ይቆዩ፤ መጨረሻ ላይ የቀረውን አይጨልጡት።

10. ጫት፣ ሲጋራና ሺሻ

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ የልብን ቧንቧም ሊያኮማትር ይችላል። ቧንቧው በስብ ለጠበበ ሰው ይህ እውነተኛ አደጋ ነው። ልብዎ ታሞ ከሆነ፣ ግፊትዎ አልያዝ ካለ ወይም ስትሮክ ይዞዎት ከነበረ ማቆም ነው ያለብዎ። ሌላው ሰው ማቆም ካቃተው ቢያንስ ቀኖቹን ይቀንስ፣ ለስላሳውን በውሃ ይተካ፣ አብሮ አያጭስ፣ ለጨብሲ ብሎ አልኮል አይጨምር። በርጫው የሚጎዳው በቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ አብሮት በሚመጣው ስኳር፣ ጭስ፣ መጠጥና እንቅልፍ ማጣትም ነው።

ለሐኪሙ አይደብቁ። በአካባቢያችን ጫት መቃም አዲስ ነገር አይደለም፤ ማንም አያፍርብዎትም። ካልተናገሩ ግን ግፊትዎ ለምን እንደማይወርድ ሳይታወቅ የመድኃኒትዎ መጠን ሊጨመር ይችላል።

የሺሻ ጭስ ውሃ ውስጥ ስላለፈ ብቻ ተጣርቷል ማለት አይደለም፤ የሲጋራን ጉዳት ሁሉ ይዟል።

11. በሳምንት 150 ደቂቃ ይራመዱ

በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን። ፍጥነቱ እያወሩ የሚሄዱበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎ ይሁን። ድሬዳዋ ላይ ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ፀሐይ ከገባ በኋላ ይውጡ፤ የከዚራ ጎዳናዎች ጥላ ስላላቸው ይመቻሉ። ሐረር ላይ የጀጎልን ግንብ ዙሪያውን መዞር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አንድ ዙር የቀኑን ይሞላል። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በሙቀት ሰዓት አይራመዱ፤ ውሃ አጥሮዎት ሊያዞርዎ ይችላል። ሲራመዱ ደረትዎን ከጨመቀዎ ያቁሙ፤ ሐኪም ሳያይዎ አይቀጥሉ።

12. መድኃኒት ከታዘዘልዎ

ምግብ ብቻውን ኤልዲኤልን በአብዛኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያወርዳል። ኤልዲኤሉ 200 የሆነ ሰው በምግብ ብቻ 100 አይደርስም፤ ይህ የእሱ ስንፍና አይደለም። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች እንደ መጠናቸው ከ30 እስከ 50 በመቶና ከዚያም በላይ ያወርዳሉ፤ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክንም እንደሚቀንሱ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል።

- አቶርቫስታቲን በፈለጉት ሰዓት፣ ሲምቫስታቲን ማታ ይወሰዳል። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ይውሰዱት።
- ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ለማርገዝ ካሰቡ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ።
- ለጨጓራ ባክቴሪያ ክላሪትሮማይሲን ከታዘዘልዎ ስታቲን እንደሚወስዱ ለሐኪሙም ለፋርማሲውም ይንገሩ። ሁለቱ አብረው ጡንቻን ሊጎዱ ይችላሉ፤ በተለይ ሲምቫስታቲን ከክላሪትሮማይሲን ጋር አይወሰድም።
- አምሎዲፒን የሚባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሲምቫስታቲን በቀን ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም።
- መላ ሰውነትዎን ከባድ የጡንቻ ሕመም ከያዘዎና ሽንትዎ እንደ ኮላ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁመው ያንኑ ቀን ይታዩ። ቀላል ሕመም ከሆነ ግን በራስዎ አያቁሙ፤ መጠን ወይም ዓይነት ይቀየርልዎታል።
- የድሬዳዋ ሙቀት መድኃኒት ያበላሻል። መኪና ውስጥ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡ።

የተለመዱ ስሕተቶች

- «ወርዶልኛል» ብሎ መድኃኒት ማቆም። የወረደው በመድኃኒቱ ነው፤ ሲያቆሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደነበረበት ይመለሳል።
- «ጾም ስለሆነ ኮሌስትሮል የለውም» ብሎ በፓልም የተጠበሰ ሳምቡሳ መብላት።
- «ቀጭን ነኝ» ብሎ አለመመርመር።
- ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የግመል ወተት በስታቲን ፋንታ መውሰድ። ለምግብነት ይሁኑ፤ የታዘዘ መድኃኒት አይተኩም።
- የጎረቤትን ኪኒን መጋራት፣ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየቀኑ አስፒሪን መዋጥ። አስፒሪን ሆድና አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል።
- ወረቀት ላይ ያለውን ቀስት ብቻ ማየት። ኤችዲኤል ላይ ወደ ታች ያለ ቀስት ነው መጥፎው።

13. እንደገና ይመርመሩ

መድኃኒት ከጀመሩ ከ4 እስከ 12 ሳምንት፣ በምግብ ብቻ ከሆነ በ3 ወር። በተቻለ መጠን ያው ላቦራቶሪ፣ ያው የጾም ሰዓት፣ ጾም ከነበረ ጾም፣ ፍስክ ከነበረ ፍስክ። አንድ ሰው ምንም ሳይለውጥ ቁጥሩ ከ5 እስከ 10 በመቶ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል ኤልዲኤል ከ148 ወደ 141 ሲወርድ ገና ለውጥ አይባልም፤ ከ148 ወደ 115 ሲወርድ ግን የእርስዎ ሥራ ነው። አዲሱን ወረቀት ከአሮጌው ጎን ደብተሩ ውስጥ ይለጥፉትና ሁለቱንም ይዘው ይምጡ።